ውሃ የነካት ትሪንጎ

ችግኝ ሁሉ ከአፈር ብቅ ሲል አንድ መልክ ነው። ብርቱካኑም፣ ሎሚውም፣ መንደሪኑም፣ ትሪንጎውም ለማያውቅ ሰው ያው ቅጠል ናቸው። ከሐርቡ ወይ ከቢስቲማ አህያ ነድቶ የመጣ ገበሬ «እንዲያው ይሄ ምን ሊያፈራልኝ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስንት ዓመት ውሃ ሲያጠጣ ኖሮ ያልፈለገውን ፍሬ የሚለቅመው እሱ ነው።

እኔ ኮምቦልቻ አንድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ አትክልተኛ ነበርኩ። ቦታው መሬት ላራሹ ሳይታወጅ በፊት የአንድ ፈረንጅ ነበር። ሰውየው ሲሄድ ዛፎቹንም፣ የውሃውን ቦይም፣ ቢሮው ግድግዳ ላይ የሰቀላቸውን ስዕሎችም ትቶ ሄደ። ስዕሎቹ ያኔም አሮጌ ነበሩ፤ ከአባቱ እንደወረሳቸው ነግሮኛል። በየወረቀቱ ላይ አንድ አንድ ፍሬ አለ። ሙሉው ይታያል፣ ከጎኑ ደግሞ ለሁለት የተከፈለው፣ ዘሩ፣ አበባው፣ ቅጠሉ ከፊትም ከጀርባም። ከስር በፈረንጅ ፊደል ስሙ ተጽፏል። የኮኩ ዓይነት ብቻ ብዙ ነበር፤ ቆዳው ላይ ያለችው ጠጉር ሳትቀር ትታያለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ይሄንንም የምጽፈው በዚያችው ፊደል ነው። እነዚያን ስዕሎች ግን ማንም ሳያስተምረኝ አነባቸው ነበር።

ጣቢያው የመንግሥት ሲሆን ቢሮው የውይይት ክበብ ተባለ። ፍሬዎቹ ወረዱና በየሚስማራቸው ላይ ጢማሞቹ ፈረንጆች ተሰቀሉ። የድሮዎቹን ከመስታወታቸው አውጥተው መሬት ላይ ከመሯቸው፤ መስታወቱ ይፈለግ ነበር።

«ለምድጃ ውሰዳቸው» አለኝ ኃላፊያችን።

ወሰድኳቸው። ለምድጃ ግን አልነበረም።

እኛ ሠፈር የጭቃ ግድግዳ አቧራ እንዳያራግፍ ጋዜጣ ይለበጣል። ዱቄት በውሃ ይፈላና እንደ ሙጫ ይሆናል፤ በሱ ነው የሚለጠፈው። ባለቤቴ ፍሬዎቹን ከአልጋችን ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ጋዜጣው ላይ ደርድራ ለጠፈቻቸው። አባቷ ሸህ ነበሩ። ሊጠይቁን መጥተው ገና በሩን እንዳለፉ ቆም አሉ። ሊቆጡ ነው ብዬ ፈራሁ።

«ነፍስ ያለው ነገር አለበት?» አሉ።

«የለበትም አባ፣ ፍሬ ብቻ ነው» አለች ባለቤቴ።

ጠጋ ብለው አንድ ባንድ አዩ። ሮማኗ ጋ ሲደርሱ ምራቃቸውን ዋጡ። «ማሻአላህ! ይቺ እንኳ ፆም ታስፈታለች» አሉ። «ዛፍና ፍሬ ምንም አይደለም። ሰውና እንስሳ የሳለ ነው የሚቸገረው፤ የቂያማ ለት ‹በል ነፍስ ስጠው› ይባላል። ከየት ያመጣል?»

ያን ለት ልጃችን ከአልጋው ግርጌ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። አላህ ሌላ ልጅ አልሰጠንም፤ አንድ እሱ ነው። ያደገው እነዚያን ፍሬዎች እያየ ነው፤ ከፍ ሲልም መሳል ያዘ። ቀለሙን የሚሠራው ራሱ ነበር። ቢጫው እርድ ነው፣ ጥቁሩ የድስት ጥላሸት፣ አረንጓዴው የተወቀጠ ቅጠል። ሁሉንም በግራር ሙጫ ይለውሰዋል። ብሩሹ ደግሞ በሸንበቆ ጫፍ የታሰረ የፍየል ጠጉር ነው። ድመት እንኳ ስሎ አያውቅም። አብሮ አደጎቹ «በሬ ሳልልን» ሲሉት «በሬ ዛፍ ላይ ሲያፈራ ጥሩኝ» ይላቸው ነበር።

ጎልምሶ ከኔ ጋር ጣቢያው ውስጥ ሲቀጠር ያ ስዕል ለሥራ ዋለ። በየችግኙ መደብ ራስ ላይ የፍሬውን ስዕል በእንጨት ተከልን። ገበሬው መጥቶ ስዕሉን ያያል፣ «ይቺን ስጡኝ» ይላል፣ አለቀ። ድርቁ ያለፈ ሰሞን አንድ የሐርቡ ሰው ስዕሉንም ችግኙንም ሲያይ ቆየና «ስዕሏን ብወስዳት አይሻልም? ውሃ አትጠይቅ፣ አትደርቅ» አለን። ሳቅን። ያኔ እንስቅ ነበር።

ከሁሉ የምትበልጥበት ትሪንጎዋ ነበረች። ከግድግዳችን ላይ ካለችው የፈረንጅ ትሪንጎ አይቶ ነው የሳላት። የቆዳዋን ጉብታ፣ የወፍራሙን ልጣጭ ንጣት፣ ሁሉንም። ከስር ያለውን የፈረንጅ ፊደል ሳይቀር እንደ ሐረግ እየተከተለ ሳለው፤ ምን እንደሚል ግን አያውቅም። ችግኙ ጋ ሊተክላት አልፈለገም። በንጹህ ጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አስቀመጣት።

ነሐሴ ላይ ልጄን አፈሱት። ብሔራዊ ውትድርና ይባላል፤ ለኛ ግን አፈሳ ነው። ገበያ ውሎ ሊመለስ ነበር። ጎረቤታችን እያለቀሰች መጥታ መኪና ላይ ሲጭኑት እንዳየች ነገረችን። ባለቤቴ የምታበጥረውን ጤፍ እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ለት ሁለተኛ አልተነሳችም ማለት ይቻላል።

ደሴ አንድ የእህል መጋዘን ውስጥ እንዳጎሯቸው ሰማን። እህል ስለሌለበት ሰው ሞሉበት። ዝናቡ ጋብ እንዳለ በካሚዮን ወደ ማሠልጠኛ ይወስዷቸዋል፤ ከዚያ ወደ ግንባር ነው። ወደ ግንባር ከሄዱት የሠፈራችን ልጆች ተመልሶ ያየሁት አልነበረም። ስለዚህ ያለን ጊዜ ዝናቡ እስኪቆም ነበር። ገበሬ ዝናብ አይቁም ብሎ ዱዓ ሲያደርግ ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ እሱም እኔ ነኝ።

ኃላፊያችን ጋ ሄድኩና እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«ተነስ እንጂ! ምን ነካህ?» አለኝ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መጋዘኑን የያዘው ካድሬ ለመንግሥት ሥራ የሚፈለግ ባለሙያ ሲሆን ይለቃል ይባላል። መካኒክ ለቋል፣ ሾፌር ለቋል። የልጅህን ሥራ ይዘህ ሂድና አሳየው።»

«አብረኸኝ ና፤ አንተን ይሰማሃል።»

«እኔም ልጅ አለኝ» አለ። በሩን መልሶ ከፈተልኝ።

ችግኝ ጣቢያው ያሉት ስዕሎች ዝናብ ፈጅቷቸው ነበር። ደህና የቀረችው ትሪንጎዋ ናት። የፈረንጇንም ይዤ ጎን ለጎን ባሳያቸው ሙያው ይታወቅለታል ብዬ አሰብኩ። ባለቤቴ በእርጥብ ጨርቅ ግድግዳውን ስታርስ ቆየችና የፈረንጇን ትሪንጎ ላጠቻት። ከጀርባዋ ጋዜጣውም ጭቃውም አብሮ መጣ። ግድግዳው ላይ የጭቃ ቁስል ቀረ።

«ይቺ ውሃ ቻለች» አለች ባለቤቴ። «የልጄን ግን ውሃ እንዳይነካት። ሙጫ ነው፣ ትሟሟለች። ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በጋቢህ ውስጥ አይደለም፣ በላስቲክ ጠቅልላት።»

በማዳበሪያ ላስቲክ ጠቀለልኳቸው፣ በላዩ ጋቢዬን ደረብኩ። አውቶቡሱ የሐረጎን አቀበት ሲወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል። የሚንጠባጠበው እኔ ላይ ሲሆን ጊዜ ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት። ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ አየችኝ።

«አባባ፣ ጨቅላ ነው እንዴ የያዙት?»

«አዎ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ትሪንጎ ነው» አልኳት።

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን ፊቴን ስታይ ነጠላዋን አውልቃ ጭኔ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ደሴ እስክንገባ አልወሰደችውም።

መጋዘኑ በር ላይ እናቶች ጭቃው ውስጥ ተቀምጠዋል። የሚያለቅስ የለም፤ ለቅሶው አልቆባቸዋል። በሩን የሚጠብቀው ወታደር የአገራችን ሰው ነበር። አሰላሙ አለይኩም ስለው ዞር ብሎ አይቶ «ወአለይኩም ሰላም አባባ» አለኝ፤ ቀስ ብሎ። ባለሙያ ልጅ አለኝ ስለው አስገባኝ።

ካድሬው ወጣት ነው፣ ከልጄ ብዙም አይበልጥም። ከጠረጴዛው ኋላ የመሪው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ክፍሉ ጥግ ላይ የመፈክር ጨርቅና የቀለም ጣሳ ተከምሯል። ላስቲኩን ፈታሁና ሁለቱን ትሪንጎዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁ።

«ልጄ ይሄን የሚሠራ ነው። ለመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ይሠራል። እነሆ፣ ይቺ የፈረንጅ ናት፣ ይቺ የሱ።»

አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ።

«አባባ፣ ሁለቱም የማተሚያ ቤት ናቸው።»

«ወላሂ ይቺ የልጄ እጅ ናት!»

«ፊደሉስ? ልጅዎ የውጭ ቋንቋ ያውቃል?»

«አያውቅም። ፊደሉንም ሳለው እንጂ አልጻፈውም።»

ወታደሩ በሩ ላይ ሆኖ ሳል ቢጤ ያዘው። ካድሬው ተበሳጨ። «እኔን ሊጫወቱብኝ ነው የመጡት? ከመጽሐፍ ገንጥለው አምጥተው የልጄ ሥራ ነው ይላሉ? መቼም ሁሉም አባት ዛሬ ልጁ ባለሙያ ነው። ትናንት አንዱ ልጄ ሐኪም ነው አለኝ፤ ልጁን ብጠይቀው የበግ ሐኪም ነኝ አለ። ይውጡ!»

ወታደሩ ክንዴን ያዘ። ያኔ ምንም አልቀረኝም። ብምል አያምነኝም፣ ባለቅስ አይቶታል። አውራ ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩና በምራቄ አራስኩት። ከዚያ በልጄ ትሪንጎ ላይ ጫን አድርጌ ጎተትኩት።

ቢጫው ተከትሎኝ መጣ። ጉብታው ጠፋ፣ ቅጠሉ ከፍሬው ጋር ተደባለቀ፣ ፊደሉ ወንዝ እንደወሰደው ሣር ተኛ። በእርድ የተነከረ ጣቴን ካድሬው አፍንጫ ስር ዘረጋሁት።

«ያሽትቱት» አልኩ። «የማተሚያ ቤት ቀለም እርድ እርድ ይሸታል?»

አሸተተ። ወደ ፈረንጇ ትሪንጎ ዞረና የሱንም ጣት አርሶ ሞከራት፤ አልለቀቀችም። ወንበሩ ላይ ተደግፎ አየኝ።

«እንዴ! በእጁ?» አለ።

«በእጁ።»

ከዚያ ከልቡ እንደ ሰው ሳቀ። «ምነው ታዲያ አበላሿት?» አለኝ። የሚበላሸው ምን እንደሆነ እሱ አያውቅም።

ተነስቶ ክፍሉን አንዴ ዞረ። «ይስሙ አባባ። የአብዮት በዓል እየደረሰ ነው። ለአደባባዩ የመሪያችን ትልቅ ስዕል ያስፈልጋል፤ የነበረንን ሠዓሊ ወደ ሌላ ቦታ ወስደውብናል። ልጅዎ የሰው ፊት ይስላል? የሚስል ከሆነ እዚሁ ደሴ ይቀራል። ካሚዮኑን አያየውም።»

አማቴ ትዝ አሉኝ። አፈር ከለበሱ ቆይተዋል፤ ግን ድምፃቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ያለ መሰለኝ።

«ይስላል» አልኩ። «ምን የማይስለው አለ!»

ሁለቱን ትሪንጎዎች ላስቲኩ ውስጥ መልሼ ጠቅልዬ ጥግ እንዳስቀመጥኩ ልጄን አመጡት። ራሱን ላጭተውታል። ጫማ የለውም። ሲያየኝ ሊያለቅስ አለና ወታደሩን አይቶ ተወው።

«አባ፣ በዚህ ዝናብ ምነው መጡ?»

«ዝም በል። እዚህ የሰው ፊት ትስልና እንገላገላለን። እዚሁ ትቀራለህ።»

«የማንን?»

በአገጬ ግድግዳውን አሳየሁት። ፎቶግራፉን አየ፣ ከዚያ ቀለም የነካውን ጣቴን አየ። ነገሩን ከጣቴ ያነበበው መስሎኝ እጄን ጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁ።

«አያቴ እኮ…» አለ።

«አያትህ አፈር ለብሰዋል። ወንጀሉ በኔ ይሁን፤ የቂያማ ለት እኔን ይጠይቁኝ።»

«አላውቅበትም አባ። ሞክሬው አላውቅም።»

ጠጋ ብዬ በጆሮው ነገርኩት። «ፍሬ እንደምታይ አድርገህ እይ። ሌላ ነገር አታስብ። ቆዳ ነው፣ ብርሃን ነው፣ ጥላ ነው።»

እንዲህ ነበር ያልኩት። ከዚያ የተሻለ ምክር አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ካድሬው ወፍራም ወረቀት ሰጠው። ቀለሙ የመፈክር ቀለም ነው፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር፣ ትንሽ አረንጓዴ። ልጄ ጎንበስ አለና ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ከላይ፣ ፍሬ ከዛፉ ከሚንጠለጠልበት ከግንጣዩ ጀመረ። ግንጣይ በሌለበት ቆቡን አደረገ። ቀይና ቢጫ ቀላቀለ፣ ፊቱን ክብ አድርጎ አወረደ፣ በስተቀኝ ብርሃን ሰጠው፣ በስተግራ ጥላ። ሲሠራ እንዲያ ነው፣ ያለበትን ይረሳል። በብሩሹ ጫፍ ቆዳው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያስቀምጥ ጀመር፤ ብርቱካን ላይ የሚያስቀምጣቸውን። እኔ ከኋላው ቆሜ አየሁት፤ ላስቆመው አልቻልኩም፤ ካድሬው አጠገቤ ነበር።

ዓይኖቹን ለመጨረሻ ተዋቸው። ፍሬ ዓይን የለውም። እዚያ ሲደርስ ብሩሹን አንስቶ ቆየ፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አላህን ይቅርታ ሲጠይቅ ነው። ከዚያ ሁለት ዘር አስቀመጠ። ሾል ያሉ፣ የሎሚ ዘር የሚመስሉ።

ብሩሹን አስቀመጠና ወደ ኋላ አለ። ስዕሉ ያምራል፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ያምራል። እጅህን ዘርግተህ ትቀጥፈዋለህ።

ወታደሩ አንገቱን አስግጎ አየ። «ጓድ፣ ይሄማ…» አለና ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም። «ይሄማ ብርቱካን ነው!» ብሎ ሳቁን ለቀቀው።

ካድሬውም ሊስቅ ነበር። ሳቁ አፉ ላይ ደርሶ ሳለ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። በአንድ እርምጃ በሩን ዘጋው። እርጥቡን ስዕል እጥፍጥፍ አድርጎ ኮቱ ውስጥ ከተተው። ሸሚዙ ላይ ቀይና ቢጫ ሲወጣ ይታየኝ ነበር።

«ይሄን ያየ ሰው የለም» አለ። «አንተም አላየህም» አለው ወታደሩን።

«አላየሁም ጓድ።» ወታደሩም መሳቁን ትቶ ላብ አጥምቆት ነበር።

«ይድገመው» አልኩ። «ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ይድገመው። ደንግጦ ነው። ሁለተኛው ሰው ይመስላል!»

«አባባ፣ አልገባዎትም እንዴ? ይሄን ስዕል ሌላ ሰው ቢያየው ልጅዎም የለም፣ እርስዎም የሉም፣ እኔም የለሁም። እዚህ ከቀረ ነገ ‹ምን ሳልክ?› ይሉታል። መሄድ አለበት። ዛሬውኑ፣ በመጀመሪያው መኪና።»

ጉልበቱን ያዝኩ። ጢሜን ጫማው ላይ አደረግሁ። ልጄ «አባ፣ ይነሱ፣ ይነሱልኝ በአላህ» ሲለኝ ይሰማኛል፤ አልተነሳሁም። ያነሳኝ ወታደሩ ነው። ትሪንጎዎቹ ያሉበትን ላስቲክ ከጥግ አንስቶ ብብቴ ስር አስገባልኝ።

ውጭ ዝናቡ ቆሞ ነበር።

ካሚዮኖቹ ሞተር አስነስተዋል። እናቶቹ ከጭቃው ተነስተው በየስሙ ይጣራሉ፤ ከመኪናው ላይ የሚመልሰው ድምፅ ሁሉ ተደባልቆ የማን ልጅ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። እኔ አልተጣራሁም። ልጄን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እዚያ ነው። ከመኪናው የኋላ መዝጊያ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በተላጨው ራሱ ላይ የመፈክር ቀለም ነክቶት፣ በዓይኑ ሲፈልገኝ ቆየ። ሲያገኘኝ ፊቱ በራ። ብብቴ ስር ያለውን ላስቲክ አይቶ ነው፤ ምን እንደያዝኩ ገባው።

«አባ!» ብሎ ጮኸ። «ትሪንጎዬን ነው ያመጧት?»

በራሴ አዎ አልኩት።

«ሲመለሱ ሐረጎ ላይ ይዘንባል! ውሃ እንዳይነካብኝ!»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ከሱ ጋር መሮጥ ጀመርኩ፤ ላስቲኩን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ይዤ።

«አብሽር ልጄ!» አልኩት። «ደረቅ ናት! ምንም አልነካትም!»